ከተማሪው ቀድሞ የሚጓዝ ወረቀት

ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ስለሚደረግ ዝግጅት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ጥሩ ውጤት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ቪዛ ነው። ሦስቱም ወሳኝ መሆናቸው የማይካድ ቢሆንም፣ ከእነርሱ በፊት የሚመጣና እምብዛም የማይወራለት ሌላ ሥራ አለ፤ እርሱም አመልካቹ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች፣ በተለያዩ ዓመታትና በተለያዩ ጸሐፊዎች እጅ የተሰጡት ወረቀቶች ሁሉ ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ከመመዝገቡ በፊት በአካል የሚያየው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ የሚያየው የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ፓስፖርቱን፣ ትራንስክሪፕቱንና የቋንቋ ፈተና ውጤቱን በመሆኑ፣ እነዚህ እርስ በርስ ካልተስማሙ በሩቅ አገር ጠረጴዛ ላይ አንዱ ተማሪ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ሆኖ ይታያል።

ችግሩ በመጀመሪያ የሚገለጠው በስም ላይ ነው። የኢትዮጵያውያን ስም የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በተከታታይ የሚይዝ እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የሌለው ሲሆን፣ የውጭው ቅጽ ደግሞ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖችን ብቻ ያቀርባል። ትምህርት ቤቱ በምስክር ወረቀቱ ላይ የአባትን ስም መጨረሻ አድርጎ ሲጽፍ፣ ፓስፖርቱ ደግሞ የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ሲያሰፍር፣ ለኢትዮጵያዊ ዓይን ምንም ልዩነት የሌለው ነገር ለጀርመን ወይም ለካናዳ የቅበላ ሠራተኛ የሁለት ሰዎች ስም ይሆናል። በላቲን ፊደል መጻፉ ጣጣውን ያብሰዋል፤ «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ትምህርት ቤት በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ሲጀምረው ሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምረዋል፣ የ«ቀ» ድምፅም አንዴ በ«ኬ» አንዴ በ«ኪው» ይጻፋል። ከሁሉም የከፋው የጥምር ስሞች ዕጣ ሲሆን፣ «ገብረ መድኅን» የተባለ ተማሪ ስሙ ተነጣጥሎ የተጻፈ እንደሆነ ኮምፒውተሩ «ገብረ»ን የራሱ ስም፣ «መድኅን»ን የአባቱ ስም አድርጎ ይወስድና እውነተኛውን አባት ወደ አያትነት ይገፋቸዋል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት እንደ ምሰሶ ተመርጦ ሌሎቹ በእርሱ ልክ ሊስተካከሉ ይገባል፤ ያም ፓስፖርቱ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም የቋንቋ ፈተና ሰጪዎች፣ ባንኮችና ኤምባሲዎች የሚመሩት በእርሱ ነው። ፓስፖርቱ ግን ራሱ ከልደት ምስክር ወረቀትና ከመታወቂያ የሚቀዳ ስለሆነ፣ እርማቱ የሚጀመረው ከታች ነው። በዩኒቨርሲቲ ሰነድ ላይ ያለውን የፊደል ልዩነት ሪጅስትራሩ ማረም የማይችል እንደሆነ፣ ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጠየቅ ተገቢ ሲሆን፣ ልዩነቱ ከፊደል አልፎ የስም ለውጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚወስደው ጊዜ በቢሮዎቹ ወረፋና በባለሙያው መገኘት የሚወሰን በመሆኑ፣ የማመልከቻ ቀን ሲደርስ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ከስም ቀጥሎ ቀን ይመጣል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚያንስ ማንም ያውቃል፤ ስህተቱ የሚፈጠረው ግን ከዓመቱ ይልቅ በወሩና በቀኑ ላይ ነው። ጥር 15 ቀን 1994 ዓ.ም. የተወለደች ተማሪ ወላጆቿ በቁጥር ብቻ 15/05/1994 ብለው አስመዝግበዋት ከሆነ፣ ይህንን ወረቀት የሚያነብ የውጭ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1994 የተወለደች አድርጎ ይወስዳታል። ትክክለኛው ቀን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2002 ነውና በአንድ ንባብ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ታረጃለች። ጥንቃቄ የሚሻ ሌላም ነገር አለ፤ ጳጉሜን 6 ቀን ካላት ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው አዲስ ዓመት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል፣ ጥር 15 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደው ታናሽ ወንድሟ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 24 ነው እንጂ 23 አይደለም። የአንድ ቀን ልዩነት ቀልድ ቢመስልም፣ ፓስፖርቱ 23 የምስክር ወረቀቱ 24 የሚል ከሆነ ማብራሪያ የሚጠየቀው ተማሪው ነው። ወርን በቁጥር ሳይሆን በቃል መጻፍ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ከጎኑ ማስፈር ይህን ሁሉ ያስቀራል። የምረቃ ዓመትም እንዲሁ ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለ አንዳች ማብራሪያ «2014» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ፣ ከዚያ ዓመት በኋላ ያሉት ሰባትና ስምንት ዓመታት ያለ ሥራና ያለ ትምህርት ያለፉ ይመስላሉ።

ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የየሴሚስተሩን ትምህርትና ውጤት የሚዘረዝረው ሰነድ፣ በሁለት መልክ ይሰጣል። በተማሪው እጅ የሚቆየው ስቱደንት ኮፒ ለግል መረጃ ሲሆን፣ የውጭ ተቋማት በብዛት የሚጠይቁት ኦፊሻል የሚባለውን፣ በሪጅስትራሩ ማኅተም በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው የሚላከውን ነው፤ ፖስታው በተማሪው ተከፍቶ ከተገኘ ዋጋ አይኖረውም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ይህንን ሰነድና ዋናውን ዲግሪ ከመውሰዱ በፊት ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን የወጪ መጋራት ግዴታውን ማጠናቀቅ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ቴምፖራሪውን፣ ማለትም ጊዜያዊውን የምረቃ ማስረጃ፣ ይዞ ዓመታትን ያሳለፈ ምሩቅ ክሊራንሱን፣ ማለትም ከዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫውን፣ ቀደም ብሎ ቢጨርስ ይሻለዋል። አንዳንድ አገሮች ደግሞ ሰነዱ በኢትዮጵያ ትምህርት ባለሥልጣናት ተረጋግጦ፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም በኤምባሲያቸው እንዲታተም ይፈልጋሉ። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ወደ መጀመሪያው መስኮት ይመለሳል።

ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ የትኛው አገር የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ለማብራሪያ ያህል ጀርመንን መውሰድ ይቻላል፤ አገሪቱ በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ የትምህርት ክፍያ የማትጠይቅ በመሆኗ የብዙ ኢትዮጵያውያን ዓይን ያረፈባት ናት። ያም ሆኖ «ነፃ» የሚለው ቃል ያሳስታል፤ ባደን-ቩርተምበርግ የተባለው ክፍለ አገር እ.ኤ.አ. ከ2017 የክረምት ሴሚስተር ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ማመልከቻን የሚቀበሉት ዩኒ-አሲስት በተባለው የጋራ ድርጅት በኩል ሲሆን፣ ድርጅቱ ለመጀመሪያው ምርጫ 75፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ያስከፍላል። በስሜት አሥር ቦታ ከማመልከት አስቦ ሦስት ቦታ ማመልከት የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ውጤት እንዴት እንደሚተረጎም ማወቅ ምርጫውን በእጅጉ ያቀለዋል። በጀርመን 1 ከሁሉ የላቀ፣ 4 ደግሞ ለማለፍ በቂ የሆነ ነጥብ ነው፤ ከኢትዮጵያ አሠራር ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ ተገልብጦ ይነበባል። መቀየሪያው ስሌት ቀላል ነው፤ ከከፍተኛው ነጥብ የተማሪው ነጥብ ተቀንሶ፣ የተገኘው ከፍተኛው ከማለፊያው በሚበልጥበት መጠን ይካፈላል፣ በ3 ተባዝቶም 1 ይደመርበታል። ከፍተኛው 4፣ ማለፊያው 2 በሆነበት የኢትዮጵያ ሥርዓት 3.2 ያመጣ ምሩቅ በጀርመን 2.2፣ 3.0 ያመጣ ደግሞ 2.5 ያገኛል ማለት ነው። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5 ወይም ከዚያ የተሻለ ነጥብ ስለሚጠይቁ፣ 3.0 የያዘ ተማሪ በሩ ጫፍ ላይ እንደቆመ፣ 2.8 የያዘው ግን ሌላ ፕሮግራም መፈለግ እንዳለበት ገና ገንዘብ ሳያወጣ ማወቅ ይችላል።

ገንዘብን በተመለከተ ትልቁ መሰናክል ብሎክድ አካውንት የሚባለው ነው። ይህ ተማሪው ከመሄዱ በፊት በስሙ የሚከፈት፣ የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ የሚቀመጥበትና በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ የሚለቀቅበት ሒሳብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የሚጠየቀው 11,904 ዩሮ፣ ማለትም በወር 992 ዩሮ ነው። በብር የተሠራ በጀት እዚህ ላይ ይከዳል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗልና፣ በብር ሲቆጥብ የነበረ ቤተሰብ ግቡ ዓይኑ እያየ ርቆበታል። ተማሪው በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት የሚፈቀድለት መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ይህ ገና ያልተገኘ ደመወዝ ለኤምባሲው የገንዘብ ማስረጃ አይሆንም።

ሒሳቡን መሙላት ያልቻለ ሰው ጀርመን የሚኖር ዘመድ ካለው ሌላ መንገድ አለው፤ ዘመዱ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ የተማሪውን ወጪ ለመሸፈን ግዴታ መግባት ይችላል። ይህ ግን ስልክ ደውሎ «ስምህን ብቻ ስጠኝ፣ አጎቴ» ተብሎ የሚለመን ቀላል ውለታ አይደለም። ቢሮው የዘመዱን ገቢ ይመረምራል፣ ፊርማውም ለአምስት ዓመት በሕግ ያስጠይቀዋል፤ ተማሪው የመንግሥት ድጎማ የወሰደ እንደሆነ ዕዳው ወደ አጎቱ ይዞራል። ይህን ሳይነግሩ ማስፈረም ዝምድናን የሚያበላሽ ነው።

የማመልከቻው ደብዳቤ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በኢትዮጵያ ቢሮዎች ልማድ ማመልከቻ ማለት ችግርን አስረድቶ፣ «በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ መማጸን ሲሆን፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ሞቲቬሽን ሌተር ግን ልመና ሳይሆን ክርክር ነው። አንባቢዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት የአመልካቹን ችግር ሳይሆን የተማረው ከሚማረው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ነው፤ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ኢንጂነር የመሆን ሕልም ነበረኝ» ከሚል አንቀጽ ይልቅ፣ ለመመረቂያ ሥራው የአንድ ወረዳ የውኃ ጉድጓዶችን ሲለካ ምን እንዳጋጠመውና የትኛው ትምህርት ያንን ለመፍታት እንደሚረዳው የሚገልጽ አራት መስመር ይበልጣል። የድጋፍ ደብዳቤም በተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። መምህሩ ሥራ ስለበዛበት ተማሪው ራሱ አርቅቆ እንዲያመጣ ሲነገረው፣ ሁሉም «ትጉህ፣ ታታሪና ምስጉን ጠባይ ያለው» እያለ ይጽፋል፤ ይህ ስለ ማንም ሊባል የሚችል በመሆኑ ስለ ማንም አይናገርም። የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቂያ በቀጥታ ለመምህሩ ኢሜይል የሚላክበት አሠራርም እየተስፋፋ ስለሆነ፣ የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ የሚጠቀምና ኢሜይሉን የሚከፍት መምህር መምረጥ ከማዕረጉ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ጊዜ የሚሰላው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ነው። በጀርመን የክረምቱ ሴሚስተር በኦክቶበር የሚጀምር ሲሆን፣ የብዙ ፕሮግራሞች መዝጊያ ጁላይ 15፣ ማለትም ሐምሌ 8 ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡና ተወዳጅ የሆኑት ግን ወራት ቀድመው ይዘጋሉ። የሰነዶቹ ምርመራ ሳምንታትን የሚወስድ በመሆኑ ዩኒ-አሲስት ከመዝጊያው ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ መላክን ይመክራል። አይልትስና ቶፍል የተባሉት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎች የሚያገለግሉት ለ2 ዓመት ብቻ ስለሆነ እጅግ ቀድሞ መፈተንም ኪሳራ ሊሆን ይችላል። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ከሚጀመርበት ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ይዘጋል። እነዚህን ደምሮ የሚያይ ሰው ዝግጅቱን ከዓመት ተኩል በፊት መጀመር ቅንጦት እንዳልሆነ ይረዳል። ሰዓትም እንደ ቀን ያሳስታል፤ በጀርመን ጁላይ 15 ከምሽቱ 23፡59 ማለት በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 6፡59 ነው፣ ሆኖም ኢንተርኔትና መብራት በዚያች ሰዓት እንደሚኖሩ ማንም ዋስትና አይሰጥም።

ቪዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። እያንዳንዱ አገር የራሱ ልማድ አለው፤ በአሜሪካ፣ ለምሳሌ፣ አይ-ትዌንቲ የተባለውን የቅበላ ቅጽ የተቀበለ ተማሪ ከቃለ መጠይቁ በፊት 350 ዶላር የመረጃ ሥርዓት ክፍያ ይከፍላል፣ ሕጉም ተማሪው አሜሪካ ለመቅረት እንደሚሄድ ቆጥሮ ስለሚጀምር የተቃራኒውን የማሳመኑ ሸክም በእርሱ ላይ ነው። ቃለ መጠይቁ ከጥቂት ደቂቃ የማያልፍ በመሆኑ በቃል የተሸመደደ ንግግር ብዙም አይጠቅምም። በባንክ ሒሳብ ላይ ከቀጠሮው ሁለት ሳምንት በፊት ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብም ምንጩን ያስጠይቃል። «ቪዛው የተረጋገጠ ነው» ብሎ ቀብድ የሚቀበል ኤጀንት ደግሞ የማንም ኤምባሲ ውሳኔ በእጁ የሌለ ሰው ነው፤ በእርሱ በኩል የገባ ሐሰተኛ ሰነድ ቢገኝ ለዓመታት የሚታገደው አመልካቹ እንጂ ደላላው አይደለም።

የመሄጃው ቀን ሲደርስ ዋናዎቹ ሰነዶች በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዛሉ፤ ሻንጣ ይጠፋል፣ ምዝገባው ደግሞ ዋናውን ይጠይቃል። በጀርመን ተማሪው ቤት ከገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ቢሮ አድራሻውን ማስመዝገብ ያለበት ሲሆን፣ የብሎክድ አካውንቱ ወርኃዊ ገንዘብ የሚለቀቀውም መደበኛ የባንክ ሒሳብ ከከፈተ በኋላ ነው፤ ለሒሳቡ ደግሞ ብዙ ባንኮች ያንኑ የአድራሻ ምዝገባ ይጠይቃሉ፣ የምዝገባ ቀጠሮውም በትላልቅ ከተሞች በዕለቱ አይገኝም። 11,904 ዩሮ በስሙ ተቀምጦለት ለዳቦና ለአውቶቡስ የሚሆን ሳንቲም ያጣ ተማሪ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነውና፣ ለመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ሳምንታት የሚበቃ ገንዘብ ለብቻው ተለይቶ ሊያዝ ይገባል።