ርካሹን ባትሪ ስንከፍተው

እንደሚታወቀው በአገራችን «ባትሪ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንዱ በእጅ ይዘን የምናበራው መብራት ነው፤ ሌላው ደግሞ በውስጡ ያለው የኃይል ማጠራቀሚያ። ድሮ ብዙም አያምታታም ነበር፤ ማጠራቀሚያው «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል፣ ሲያልቅ ይጣላል፣ ቆጣቢ ሰው ከሆነም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ቀን ይገፋበታል። ዛሬ በየሱቁ የተደረደረው ግን ከጀርባው ሁለት እግር ወጥቶለት በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ግራ እንዳንጋባ መብራቱን «ባትሪ»፣ ማጠራቀሚያውን «ድንጋይ» እያልን እንቀጥላለን።

ርካሽ ዕቃ የሚረክሰው ከውስጡ የሆነ ነገር ስለተቀነሰ ነው። የተቀነሰው ነገር አንዳንዴ የዕቃውን ዕድሜ ያሳጥራል፣ አንዳንዴ ደግሞ የሰውን ዕድሜ ያሳጥራል። ገዢው ሱቅ ቆሞ ሁለቱን ሊለይ አይችልም፤ ሁለቱም ያበራሉ፣ ሁለቱም ያምራሉ። መለየት ያለብን እኛ ካቻቢቴና መልቲሜትር በእጃችን ያለን ሰዎች ነን። ታዲያ ከየት እንጀምር?

ከመክፈት በፊት

የመጀመሪያው ሕግ ሁላችንም እናውቀዋለን የምንለው ግን ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነው። ዕቃው ከሶኬት ሳይነቀል አይከፈትም። ከተነቀለ በኋላም ቢሆን ወዲያው እግሮቹን አትንኩ። የመስመራችን 220 ቮልት የሚባለው አርኤምኤስ ነው፤ ጫፉ ላይ 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል። በውስጡ ያለው ካፓሲተር በዚህ ጫፍ ላይ እያለ ከተነቀለ ያንን ቮልቴጅ ይዞ ይቀመጣል። ደህና አምራች ከካፓሲተሩ ጎን 1 ሜጋ ኦም ገደማ የሆነ ማፍሰሻ ሬዚስተር ያስቀምጣል፤ ለ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይህ ማለት በ5 ሰከንድ ውስጥ ቮልቴጁ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል ማለት ነው። በርካሹ ዕቃ ላይ ይቺ የሳንቲም ሬዚስተር ልትጎድል ትችላለች። ስለዚህ ከተከፈተ በኋላ በመልቲሜትር መለካት፣ ቮልቴጅ ካለም በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማፍሰስ ይገባል። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ «ጧ!» ማሰኘት ግን የባለሙያ ሥራ አይደለም።

ውስጡ ምን አለ?

ብሎኖቹን ፈትተን ስንከፍተው የምናገኘው ብዙ አይደለም። እንደ መኪና ባትሪ በሊድ አሲድ የሚሠራ ባለ 4 ቮልት ትንሽ ድንጋይ፣ ጥቂት ነጭ ኤልኢዲዎች፣ አንድ ማብሪያ፣ አራት ዳዮዶች፣ አንድ ሁለት ሬዚስተሮችና አንድ ቀይ ወይም ቢጫ ጠፍጣፋ ካፓሲተር። በቃ! ትራንስፎርመር የለም። «220 ቮልቱን ወደ 4 ቮልት ያወረደው ታዲያ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የጽሑፉን እምብርት አግኝቷል።

ያወረደው ካፓሲተሩ ነው። ካፓሲተር ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው እንቅፋት (ሪአክታንስ) አንድን ለ2 ፓይ ሲባዛ በፍሪኩዌንሲ ሲባዛ በካፓሲታንስ በማካፈል ይገኛል። ካፓሲተሩ ላይ 105 የሚል ቁጥር ካለ 10 ላይ አምስት ዜሮ ጨምሩ፤ 1,000,000 ፒኮፋራድ ወይም 1 ማይክሮፋራድ ነው። በእኛ 50 ኸርዝ ስንሠራው 3,183 ኦም ይመጣል። 220ን በዚህ ስናካፍል 69 ሚሊአምፔር እናገኛለን። 4 ቮልቱ ከ220 አንጻር ኢምንት ስለሆነ በስሌቱ ውስጥ ብንተወው ለውጡ አይታይም። አጭር ማስታወሻ ካስፈለጋችሁ እንግዲህ ይሄ ነው፦ በእኛ መስመር ላይ ለእያንዳንዱ 1 ማይክሮፋራድ 70 ሚሊአምፔር ገደማ።

ሬዚስተር ብናስገባበትስ? ያው 69 ሚሊአምፔር 3,183 ኦም ሬዚስተር ውስጥ ቢያልፍ 15 ዋት ሙቀት ያወጣ ነበር፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ካፓሲተር ግን ኃይሉን በአንዱ ሩብ ዙር ተቀብሎ በሚቀጥለው ስለሚመልስ አይሞቅም። ብልሃቱ እውነትም ብልሃት ነው፤ ማድነቅ አለብን። የመዳብ ሽቦና ብረት የሚፈልገውን ትራንስፎርመር በአንዲት ትንሽ ዕቃ ተክቶታል።

እዚህ ላይ በላብራቶሪ ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። በአምሜትር 69 ሚሊአምፔር አንብቦ፣ በ220 አባዝቶ «15 ዋት ይበላል» ማለት። ያ የተገኘው 15 ቮልት አምፔር ነው። ወደ ድንጋዩና ወደ ዳዮዶቹ በእውነት የሚገባው ኃይል ግን ከግማሽ ዋት አይበልጥም። የፓወር ፋክተር ትርጉም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካልገባችሁ በዚህ ዕቃ ላይ በዋትሜትር ለኩትና ተመልከቱት።

አደጋው የት ላይ ነው?

ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ከማውረድ ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው፤ መስመሩንና የምንነካውን ክፍል ይለያል። በሁለቱ ጥቅልሎች መካከል ያለው ግንኙነት በማግኔት እንጂ በሽቦ አይደለም። ካፓሲተሩ የመጀመሪያውን ሥራ ተክቷል፣ ሁለተኛውን ግን አልተካም። ከሁለቱ እግሮች አንዱ በካፓሲተሩ በኩል ሲገባ ሌላው በቀጥታ ወደ ዳዮዶቹ ይሄዳል። የእኛ ባለ ሁለት እግር መሰኪያ ደግሞ ገልብጦ ለመሰካት ስለሚያስችል ፌዙ በየትኛው በኩል እንደሚገባ ዋስትና የለም። በቀጥታ በሚገባው እግር ከመጣ ድንጋዩ፣ የኤልኢዲዎቹ እግርና ማብሪያው ሁሉ የመስመሩ ክፍል ሆኑ ማለት ነው። መልቲሜትሩን ድንጋዩ ላይ ብታስቀምጡት 4 ቮልት ብቻ ያሳያል፤ ከድንጋዩ እስከ መሬት ብትለኩ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ፌዙ በካፓሲተሩ በኩል ቢመጣም እፎይ አይባልም። ከረንቱን እስከ 70 ሚሊአምፔር ይገድበዋል፤ ሰውን ለማዳን ተብሎ በቤት መስመር ላይ የሚገጠመው የፍሳሽ ከረንት ብሬከር ግን የሚቆርጠው በ30 ሚሊአምፔር ነው።

ሁሉም ነገር በፕላስቲክ ተሸፍኖ እጅ የማይደርስበት ከሆነ ይህ አሠራር ተቀባይነት አለው። አደጋው የሚመጣው ሦስት ነገሮች ሲኖሩ ነው። አንደኛ፣ ከውጭ የሚነካ ብረት ሲኖር፤ ለምሳሌ የብረት ማብሪያ፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ብሎን ወይም የብረት አንገት። ሁለተኛ፣ ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ወይም እግሮቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ሰፍቶ ውስጡ ሲታይ። ሦስተኛውና እጅግ የከፋው፣ ባትሪው ላይ ለስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ ሲኖር ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ሶኬት ላይ እያለ ስልክ የሰካ ሰው የስልኩን የብረት ጠርዝ ከ220 ቮልት ጋር አገናኝቶ በጆሮው ይዟል።

ለምን ቶሎ ይሞታል?

ሰው የሚያማርረው ግን ስለ አደጋው ሳይሆን «ሁለት ወር አልሠራልኝም» ብሎ ነው። ምክንያቱ በሁለቱም ጫፍ ነው። ባለ 4 ቮልት የሊድ አሲድ ድንጋይ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ቻርጅ ሲደረግ 4.8 ቮልት ገደማ ሲደርስ መቆም አለበት። ካፓሲተሩ ግን ማቆም አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀኑንም ጨምሮ 60 እና 70 ሚሊአምፔር ይገፋል። ድንጋዩ በውስጡ ያለችውን ጥቂት ውኃ ወደ ጋዝ ለውጦ ይደርቃል፣ ያብጣልም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ3.5 ቮልት በታች ማውረድ አይገባም። ነጭ ኤልኢዲ ግን በ3 ቮልት ገደማም ቢሆን ደብዘዝ ብሎ ያበራል። ባለቤቱ «ገና አለው» እያለ ይጠቀማል፤ ድንጋዩም ባዶውን ሲቀመጥ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል። ስለዚህ ቻርጅ መቆጣጠሪያ ሰርኪት ባይኖረውም ሰውየው ራሱ መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል፦ ብርሃኑ መዳከም ሲጀምር ማጥፋት፣ ሰዓት ቆጥሮ መንቀል፣ ሳይጠቀሙበት ሲቀመጥም በየወሩ ቻርጅ ማድረግ።

አምፖሉስ?

የኤልኢዲ አምፖል ታሪክም ዘመድ ነው። በዚህኛው የሚቀነሰው በአብዛኛው የሙቀት መውጫው ነው። ኤልኢዲ ቀዝቃዛ ነው ሲባል እንሰማለን፤ ሆኖም ከሚገባው ኃይል ከግማሽ በላይ ሙቀት ይሆናል። ርካሹን አምፖል ሽፋኑን ስናነሳ ስስ አሉሚኒየም ላይ የተደረደሩ ጥቂት ኤልኢዲዎች እስከ ዳር ድረስ ከረንት ተጭነው እናገኛለን። በሴሪስ የታሠሩ ስለሆኑ አንዷ ስትቃጠል (መሐሏ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል) ሁሉም ይጠፋሉ።

ብዙዎቹ አምፖሎች ከረንታቸው የሚወሰነው ከአይሲው አጠገብ ባለች ትንሽ ሬዚስተር ነው። ሬዚስተሩን በእጥፍ ብናሳድገው ከረንቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ብርሃኑም ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን ከዚያ በላይ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ይህን ሐሳብ በፋብሪካ ደረጃ የተጠቀሙበትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፊሊፕስ ከዱባይ ማዘጋጃ ቤት ጋር ያወጣው «ዱባይ ላምፕ» ኤልኢዲዎቹን አብዝቶ፣ ለእያንዳንዱ የሚሄደውን ከረንት ቀንሶ በ1 ዋት 200 ሉመን ይሰጣል። ርካሹ አምፖል ያደረገውን ገልብጦ ማድረግ ማለት ነው።

በላብራቶሪያችን ምን መሞከር እንችላለን?

1. የመለያየት ሙከራ። ባትሪው ከሶኬት ተነቅሎ፣ ካፓሲተሩ ከፈሰሰ በኋላ መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ። ጥቁሩን ዘንግ ከመሰኪያው እግር በአንዱ፣ ቀዩን በድንጋዩ ኔጌቲቭ ላይ አኑሩ፤ ከዚያ ሌላውን እግር ሞክሩ። ከ0.5 እስከ 0.7 ካነበበ መስመሩና ድንጋዩ በዳዮድ ብቻ የተገናኙ ናቸው። ምንም ካላነበበ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ለዚያ 500 ቮልት የሚሰጥ ሜገር ያስፈልጋል።

2. የድንጋዩ አቅም። ሙሉ ቻርጅ የተደረገውን ድንጋይ በ39 ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር አፍስሱት። ከረንቱ በአማካይ 100 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። 3.5 ቮልት እስኪደርስ የፈጀውን ሰዓት በ100 አባዙት፤ 6 ሰዓት ከቆየ 600 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ከዚያ ላዩ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው፣ የማይለካ ገዢ ባለበት ገበያ የፈለጉትን ቁጥር መጻፍ ቀላል ነው።

3. የመጀመሪያ ኃይል መስጠት። የማታውቁትን ዕቃ በቀጥታ አትሰኩ፤ ባለ 60 ዋት የክር አምፖል በሴሪስ አስገቡ። ውስጡ ሾርት ቢሆንም ከ0.27 አምፔር በላይ አያልፍም፤ አምፖሉ በርቶ ይነግራችኋል።

4. ኦሲሎስኮፕ። የኦሲሎስኮፑ ግራውንድ ከሕንፃው መሬት ጋር የተያያዘ ነው። ትራንስፎርመር የሌለው ሰርኪት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ፌዙን ከመሬት ጋር አጋጫችሁ ማለት ነው። መለያ ትራንስፎርመር ሳይኖር አይሞከርም።

እነዚህ ሙከራዎች የልጅ ጨዋታ እንዳይመስሏችሁ። የዓለም ባንክና አይኤፍሲ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመሩት «ላይቲንግ አፍሪካ» የተባለው ፕሮግራም ለትናንሽ የፀሐይ መብራቶች ያደረገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ዕቃውን ከገበያ ገዝቶ መክፈት፣ የድንጋዩን አቅምና የብርሃኑን መጠን መለካት፣ የተጻፈውና የተለካው መስማማቱን ማየት። የእኛ ዲፓርትመንት ያን ያህል መሣሪያ ባይኖረውም ከላይ ያሉትን አራት ሙከራዎች ለማድረግ የሚያንሰው ነገር የለም።

ለማጠቃለል ያህል፣ ሰው «ይሄን ልግዛ ወይስ ልተው?» ብሎ ሲጠይቀን «ርካሽ ነው፣ ተወው» ማለት መልስ አይሆንም። ብዙው ቤተሰብ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚችለው እሱን ነው። የምንሰጠው መልስ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ሶኬት ላይ እያለ አታብራው፣ አትንካው፣ ስልክ አትሰካበት፤ ከተሰነጠቀ ጣለው፤ ሕፃናት ከሚደርሱበት ሶኬት ላይ አትተወው። የድንጋዩ መድረቅ ብር ያስወጣል፣ ይተካል። የመለያያው መጥፋት ግን የሚተካ ነገር አያስቀርም። ይህንን ልዩነት ለጎረቤቱ በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ትምህርቱ በተግባር ገብቶታል። መልካም የሙከራ ጊዜ!