የምድጃ ጉድለትና መፍትሔው፤ ባለሙያ የሚጠራውስ መቼ ነው?

ደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች፥ ከእነርሱም አንዷ የሆነችው አማኑኤል፥ በደጋ አገር የተቈረቈሩ ስለሆኑ ምድጃ ለነዋሪው የምግብ ማብሰያ ብቻ ሳይሆን የብርድም መከላከያ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ፥ ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ በእሳት ዙሪያ ይሰበሰባል። እሳት ግን ባለውለታ የመሆኑን ያህል ቸል ሲሉት ይጐዳል። ስለዚህ የምድጃን ጉድለት በምን ምልክት እንደምናውቅ፥ የትኛውን በገዛ እጃችን እንደምናቃና፥ ለየትኛውስ ባለሙያ እንደምንጠራ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እንገልጻለን።

አንደኛ፤ ስለሚጤስ ምድጃ። ጢስ ማለት በሚገባ ሳይቃጠል የቀረ ማገዶ ነው። ምድጃ ከወትሮው ይልቅ ሲጤስ መጀመሪያ የሚመረመረው እንጨቱ ነው። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው ውኃውን በማድረቅ ስለሆነ፥ የክረምቱ ማገዶ ዝናብ ሳይገባ ተፈልጦ ከጣራ ሥር መከመር አለበት። ቀጥሎ የሚታየው አመዱ ነው። አመድ ሲከማች አየር ከታች እንዳይገባ ይከለክላል፤ ስለዚህ በየቀኑ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ይጠረግ። ሦስተኛው የጢስ መውጫው ነው፤ በጥቀርሻ ከተደፈነ ጢሱ ወደ ቤት ይመለሳል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በሚሠራው ምርጥ ምድጃ ላይ ደግሞ ምጣዱ በአፉ ልክ መቀመጡንና በመጋጠሚያው ክፍተት አለመኖሩን ማየት ይገባል፤ ጥቂት ክፍተት ቢገኝ በጭቃ መምረግ ይበቃል። እንቢ ባለ እሳት ላይ ግን ነጭ ጋዝ ማፍሰስ አደጋ ነውና ከቶ አይደረግ።

ይህን ሁሉ የምንመክረው ዓይን እንዳያለቅስ ብቻ ብለን አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2020 ዓመት ባወጣው ግምት፥ በቤት ውስጥ በሚነደው ማገዶ ጢስ የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። በይበልጥም የሚጐዱት ከምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

ሁለተኛ፤ ባለሙያ ስለሚያስፈልገው ጉድለት። የምድጃው አካል ሲሰነጠቅ ወይም ሲያዘነብል ግንበኛ ይጠራ። በጣራ በኩል የሚወጣው የጢስ ቧንቧ የጣራውን እንጨት የሚነካና እንጨቱም ጠቁሮ የሚታይ ከሆነ፥ ቧንቧውን የሚያርቅ ሠራተኛ እስኪመጣ እሳት አይነድበት። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ኃይል ስለሚስብ ቀጭን ሽቦ አይችለውም። ሶኬቱ ሲግል፥ ሽቦው ሲሸት ወይም ምጣዱ ሲነካ ሲነዝር፥ ኃይሉን ከቆጣሪው አጥፍቶ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥራት እንጂ በቢላዋ መነካካት አይገባም።

ሦስተኛ፤ ስለ ከሰል። ከሁሉ ይልቅ አጥብቀን የምናስጠነቅቀው ምንም ጉድለት የማይታይበትን ምድጃ ነው። ከሰሉ በደጅ ይቀጣጠላል፤ ጢሱ አልቆ ፍሙ ሲጠራ አደጋው እንዳለፈ ተቈጥሮ ወደ መኝታ ቤት ይገባል። ዳሩ ግን የጠራው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛም ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም፤ ዓይንን አያቃጥልም፥ አያስስልምም። እሳቱ በአመድ ሲዳፈን አየር ስለሚያንሰው ጋዙ ይብሳል። ዕጣንም ቢጨስበት የቤቱን ሽታ ይለውጥ እንደሆነ እንጂ መርዙን አያጠፋውም።

የጋዙን ሥራ ፈረንሳዊው ሊቅ ክሎድ በርናር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. አስረድቷል። ሄሞግሎቢን የተባለው የደማችን ክፍል ኦክሲጅንን ከሳንባ ተሸክሞ ለመላው አካል ያድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሄሞግሎቢንን የሚይዝበት ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ቦታውን ይቀማል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አንጐሉና ልቡ ኦክሲጅን ያጣሉ።

የቀድሞው ሣር ክዳን ቤት ጢሱን በክዳኑና በግድግዳው ቀዳዳ ያሳልፍ ነበር። ዛሬ ግን ግድግዳው ተለስኖ፥ ኮርኒስ ተወጥሮ፥ በብርድ ጊዜም የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፎ ጋዙ መውጫ ያጣል። ስለዚህ በአንዲት የኪራይ ክፍል ከሰል አስገብቶ የሚተኛ ሰው ሕይወቱን አሳልፎ እንደሰጠ ይቈጠራል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው፤ ሲበረታም አእምሮ ይስታል። ከጉንፋን የሚለዩትም ትኩሳት ስለሌለ፥ በአንድ ቤት ያሉትን ሰዎች ባንድ ጊዜ ስለሚይዙና ከቤት ሲወጡ ቀለል ስለሚሉ ነው። ሁሉም ራሱን ካመመው ጥፋቱ የከሰሉ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

በዚያን ጊዜ በርና መስኮት ተከፍቶ ሰዎቹ ሁሉ ወደ ደጅ ይውጡ፤ ከሰሉም የሚያወጣውን ሰው ሳያዘገይ ይውጣ። ሎሚ ማሽተት ወይም ወተት ማጠጣት መርዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰውም ማጠጣት ያንቀዋል። ራሱን የሳተ፥ ደረቱን የሚያመው፥ ነገር የተምታታበት፥ እርጉዝ ሴት፥ ሕፃንና ሽማግሌ፥ ተሻለኝ ቢሉም እንኳ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ። በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በተራ አየር እኩሌታው እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በሐኪም እጅ በሚሰጥ ንጹሕ ኦክሲጅን ግን ጊዜው ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ያጥራል። ለዚህ ጉድለት የሚጠራው ባለሙያ ምድጃ ሠሪው ሳይሆን ሐኪሙ ነው።

እንግዲህ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ከመኝታ በፊት ከሰሉን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ቤት ውስጥ ማዳፈን ግን ማውጣት አይደለም። ብርዱን በተጨማሪ ልብስና ብርድ ልብስ መከላከል ይቻላል። ለቡና ወይም ለወጥ ከሰል በቤት ውስጥ ሲነድም በርና መስኮት ክፍት ይሁን። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስተምሩ እንለምናለን፤ ማታ ከሰሉ መውጣቱን የሚጠይቅ አንድ ልጅ ቤተሰቡን ሁሉ ከሞት ሊያድን ይችላልና።