ለቅሶ ለተከለከሉ ሙታን

ከእንፍራንዝ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጉዳዩ ሕክምና፣ ፓስፖርት ወይም ዘመድ ጥየቃ ነው። መስቀል አደባባይ ታክሲ ሲጠብቅ በቦሌ መንገድ መጀመሪያ ላይ ያለውን ሕንጻ አይቶ ያልፋል። በ2002 ዓ.ም የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ለእኛ ለጎንደር አካባቢ ሰዎች ከከተማዋ ሙዚየሞች ሁሉ የሚቀርበን እሱ ይመስለኛል።

የወታደራዊው መንግሥት የደርግ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም በተቃዋሚዎቻቸው ላይ ሲዝቱ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሕዝብ ፊት የሰባበሩት እዚሁ መስቀል አደባባይ ነበር፤ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት እስር ቤት ሆነ። የደርግ ተቃዋሚ የነበረው ፓርቲ የኢሕአፓ አባል ናችሁ የተባሉ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች፣ ሌሊት ተወስደው ጠዋት መንገድ ዳር ሬሳቸው ተገኘ። አስከሬን የጠየቀ ቤተሰብ የጥይት ዋጋ ክፈል ተባለ። ማልቀስም ተከለከለ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ አልቃሽ ሙሾ ታወጣለች፣ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ተዝካሩ ይወጣል። የእነዚያ ወጣቶች እናቶች ግን ይህን ሁሉ ተነፍገው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። ሙዚየሙን ከሁሉ በላይ የማከብረው ያንን የተከለከለ ለቅሶ ስለሚያስለቅስ ነው።

ውስጡ ከንጉሡ ዘመን ማብቂያና ከወሎ ረሃብ ይጀምራል። ቀጥሎ የማሰቃያ መሣሪያዎቹ አሉ፤ እጅና እግር ታስሮ ውስጥ እግር የሚገረፍበት ወፌ ላላ ምን እንደነበረ እዚያ ይገባችኋል። ግድግዳውን የሞሉት የሟቾች ፎቶግራፎች ናቸው፤ አብዛኞቹ የጉርምስና ፊት ናቸው። ከጅምላ መቃብር የወጣው አጽም፣ ልብስና ጫማ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ደርግ ከወደቀ በኋላ በቁፋሮው የአርጀንቲና የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች አግዘዋል፤ እነሱም በአገራቸው የወታደር መንግሥት ያጠፋቸውን ወጣቶች ሲፈልጉ የኖሩ ናቸው። ካስጎብኚዎቹ መካከል ራሳቸው ታስረው የተገረፉ ነበሩበት። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠማችሁ አታጣድፉት። ደጅ ያለው የሐዘንተኛ ሴቶች ሐውልት አራት ልጆቿን በአንድ ቀን ያጣችን እናት ቃል ይዟል።

ጎንደር ደግሞ የራሷ ቁስል አላት። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ የነበረው መላኩ ተፈራ ስሙ ሲነሳ ዛሬም የሚሳቀቁ እናቶች አሉ። እሱ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሏል። መንግሥቱም ዚምባብዌ እንዳሉ በ1999 ዓ.ም በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል። ፍርዱ ግን ልጁን ለትምህርት ጎንደር ልኮ ለቀረበት አባት መቃብር አላሳየውም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ስትደርሱ ግማሽ ቀን ስጡት፤ ከፍ ያሉ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ግቡ። ስትመለሱ ደግሞ በየቀበሌያችን የተገደሉትን ስም እንጻፍ፤ የሚያስታውሷቸው እኩዮቻቸው ሰባ ዓመት እየሞላቸው ነው፣ እናቶቻቸውም እያለቁ ነው።