በሌላ ሥር የሚያፈራ ቅርንጫፍ

የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ ቈርጦ ከሌላው ዛፍ ግንድ ጋር ማጣበቅ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ የአትክልተኞች ጥበብ ነው። በልማድ ማዳቀል ቢባልም የዘር መደባለቅ አይደለም። አትክልተኛው በተሳለ ቢላዋ ግንዱንም ቀንበጡንም ይቈርጣል፤ ከቅርፊት በታች ያለውን የአንዱን ሕያው ሥሥ ክፍል ከሌላው ጋር ያገናኛል፤ እንዳይደርቅም አጥብቆ ያስረዋል። ቍስል ከቍስል ጋር ገጥሞ ሲሽር ከሥሩ የሚወጣው ውሃ ወደ ቀንበጡ ይደርሳል።

ነገር ግን ዛፍ ሁሉ ከዛፍ ሁሉ ጋር አይስማማም። ብርቱካን በሎሚ ግንድ ላይ ይይዛል፥ ዘመዳሞች ናቸውና፤ ፖም በብርቱካን ላይ ቢያደርጉት ግን ይደርቃል። በአሜሪካ አገር ሳም ቫን ኤከን የተባለ የሥነ ጥበብ ሰው፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ዓመት፥ በአንድ ዛፍ 40 ዐይነት ፍሬ የማስገኘት ሥራ ጀመረ። የመረጣቸውም ኮክ፥ ፕሪም፥ ቼሪ፥ የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝና የእነዚህ ወገኖች ናቸው፤ ሁሉም በውስጣቸው አንድ ጠንካራ ዘር የሚይዙ ዘመዳሞች ናቸውና።

ሥሩ አንድ ሲሆን ኮኩ ኮክ፥ ፕሪሙም ፕሪም ያፈራል። ሥር ውሃንና ጽናትን ይሰጣል እንጂ የፍሬውን ዐይነት አይለውጥም። ስለዚህ አትክልተኛ መልካሙን ቀንበጥ በብርቱው በበረሃ ግንድ ላይ ያኖራል። የበረሃውን ቀንበጥ በመልካሙ ዛፍ ላይ ቢያኖር ግን የሚለቅመው የበረሃ ፍሬ ነው። በአገራችን ደጋ የሚበቅለው፥ እንስራ የምናጥንበት ወይራም ከበረሃው ወገን ነው፤ ፍሬው ደቃቅ ነውና ለዘይት ብሎ የሚተክለው የለም።

እንግዲህ ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 11 ነገሩን ገልብጦ መናገሩን አስተውሉ። አሕዛብን በበረሃ ወይራ መስሎ፥ በመልካሙ ወይራ ላይ መግባታቸውን ይናገራል፤ ይህም ከተፈጥሮ ልማድ ውጭ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። በአትክልተኛ ሕግ ቢሆን ኖሮ ፍሬያችን የበረሃ ፍሬ ሆኖ በቀረ ነበር። መልካም ፍሬ ብናፈራ ከተከለን ጌታ ቸርነት ነው እንጂ ከቀንበጡ ብርታት አይደለም።

ታዲያ በትውልዱ የሚመካ፥ ትናንት የመጣውንም ወንድሙን እንደ እንግዳ የሚያይ ሰው ስለ ምን ይታበያል? እርሱም ራሱ በሌላ ሥር ገብቶ የሚጠጣ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፍ ከሥሩ ቢለይ የሚደርቀው ቅርንጫፉ ነው፤ ሥሩ ግን ይኖራል። ይህን አስበን በትሕትና እንድንኖር እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።