የጋዝ ቧንቧ ስፋት፦ ከአዲሱ የውሃ ማሞቂያ በፊት የሚሠራው ሒሳብ

ኢትዮጵያ ውስጥ በጋዝ ለሚያበስል ቤተሰብ ጋዝ ማለት ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩን ከምድጃው የሚያገናኘውም አጭር ጎማ ነው። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ቤቶች ግን የተፈጥሮ ጋዝ የሚመጣው ከመንገድ ሥር ከተቀበረ የከተማ መስመር ነው። በቆጣሪ አልፎ፣ በግድግዳና በወለል ውስጥ በተዘረጋ ቧንቧ ወደ ቤት ማሞቂያው፣ ወደ ምድጃው፣ ወደ ውሃ ማሞቂያውና ወደ ልብስ ማድረቂያው ይከፋፈላል። ቧንቧው ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ስለ ስፋቱ የሚያስብ የቤት ባለቤት ብዙ አይደለም። ጉዳዩ አሳሳቢ የሚሆነው አሮጌ ዕቃ ተነሥቶ ብዙ ጋዝ የሚፈልግ አዲስ ዕቃ ሲተካ ነው።

እጅግ አነስተኛ ግፊት

በአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የተለመደው የጋዝ ግፊት 7 ኢንች ከፍታ ያለው ውሃ የሚፈጥረውን ያህል ብቻ ነው። ይህም ከከባቢ አየር ግፊት ሃምሳኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ጋዙ በቧንቧው ውስጥ ሲጓዝ ከግድግዳው ጋር በሚያደርገው ሰበቃ ከዚህች ግፊት ጥቂቱን ያጣል። ቧንቧው በረዘመና በጠበበ መጠን፣ በውስጡ የሚያልፈውም ጋዝ በበዛ መጠን ብክነቱ ይጨምራል። ስለዚህ የቧንቧ ስፋት የሚመረጠው፣ ከቆጣሪው እስከ መጨረሻው ዕቃ ድረስ የሚጠፋው ግፊት ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ተደርጎ ነው። በሰፊው የሚሠራበት ወሰን 0.5 ኢንች የውሃ ከፍታ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው እርምጃ የእያንዳንዱን ዕቃ ፍላጎት ማወቅ ነው። ይህ ቁጥር በዕቃው ላይ በተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ላይ «ቢቲዩ በሰዓት» በሚባል መለኪያ ተጽፎ ይገኛል። አንድ ኩቢክ ጫማ የተፈጥሮ ጋዝ ወደ 1,000 ቢቲዩ የሚጠጋ ሙቀት ስለሚሰጥ፣ ቁጥሩን ለ1,000 ማካፈል በሰዓት የሚያስፈልገውን ጋዝ በኩቢክ ጫማ ያስገኛል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቤት 80,000 ቢቲዩ የሚፈልግ የቤት ማሞቂያ፣ 65,000 የሚፈልግ ምድጃ፣ 40,000 የሚፈልግ ባለ ታንክ የውሃ ማሞቂያና 35,000 የሚፈልግ ልብስ ማድረቂያ አለው እንበል። ድምሩ 220,000 ቢቲዩ፣ ማለትም በሰዓት 220 ኩቢክ ጫማ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ከቆጣሪው እስከ እጅግ ሩቁ ዕቃ ያለውን የቧንቧ ርዝመት መለካት ነው። በዚህ ቤት ርዝመቱ 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ያህል ነው። በተለመደው የአሠራር ዘዴ ይህ ርዝመት ለሁሉም ቅርንጫፎች ያገለግላል፤ ቅርብ ያለው ዕቃም በዚሁ ይሰላል።

ሦስተኛው እርምጃ በብሔራዊው የነዳጅ ጋዝ ኮድ ውስጥ ያለውን ሠንጠረዥ ማየት ነው። በ60 ጫማ ርዝመት፣ በ0.5 ኢንች የግፊት ወሰን፣ የ1/2 ኢንች ብረት ቧንቧ በሰዓት 65 ኩቢክ ጫማ ያሳልፋል። የ3/4 ኢንች ቧንቧ 137፣ የ1 ኢንች 257፣ የ1 1/4 ኢንች ደግሞ 528 ያሳልፋል። እንግዲህ 220 ለሚሸከመው ዋና መስመር የ1 ኢንች ቧንቧ ይበቃል። 40 ብቻ ለሚፈልገው የውሃ ማሞቂያ ቅርንጫፍም የ1/2 ኢንች ቧንቧ በቂ ነው።

አንድ ዕቃ ሲቀየር

አሁን የዚህ ቤት ባለቤት ባለ ታንኩን ማሞቂያ አንሥቶ ውሃውን በቅጽበት የሚያሞቅ፣ ታንክ አልባ ማሞቂያ ሊተክል ወሰነ እንበል። እንዲህ ያለው ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እስከ 199,000 ቢቲዩ ሊፈልግ ይችላል። የቅርንጫፉ ፍላጎት ከ40 ወደ 199 ኩቢክ ጫማ ያድጋል፤ የ1/2 ኢንች ቧንቧ ግን የሚያሳልፈው 65 ነው። የ3/4 ኢንችም አይበቃም፤ 1 ኢንች ያስፈልጋል። የቤቱ ድምር 379 ስለሚደርስ ዋናው መስመርም ወደ 1 1/4 ኢንች ማደግ አለበት።

አስቸጋሪው ነገር ጉድለቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ሌሎቹ ዕቃዎች ጠፍተው ማሞቂያው ብቻውን ሲሞከር የሚሠራ ሊመስል ይችላል። እጥረቱ የሚገለጠው በብርዱ ጠዋት ነው። የቤቱ ማሞቂያ ሲነድ፣ አንዱ ገላውን ሲታጠብ፣ ሌላው ቁርስ ሲያበስል ግፊቱ ይወርዳል። ነበልባል ይዳከማል፤ ማሞቂያው የብልሽት ምልክት አሳይቶ ይጠፋል። ጉዳቱ በዚህ ላይወሰንም ይችላል። ከተነደፈበት ግፊት ውጭ የሚሠራ ማቃጠያ ነዳጁን በአግባቡ ላያቃጥል ይችላል፤ ያልተሟላ ቃጠሎ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለውን ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያመነጫል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየቤቱ እንዲኖር የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከመዋዋል በፊት

መፍትሔው ሁልጊዜ ግድግዳውን ሁሉ ማፍረስ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከቆጣሪው ለአዲሱ ዕቃ የራሱ መስመር ይዘረጋለታል። የአካባቢው ደንብና የጋዝ ኩባንያው ሲፈቅዱ ደግሞ ግፊቱ ከፍ ብሎ ከዕቃው አጠገብ በመቆጣጠሪያ ይቀነሳል። ቆጣሪው ራሱ አዲሱን ድምር መሸከሙም መጣራት አለበት። ቤቱ በፕሮፔን የሚጠቀም ከሆነ እነዚህ ቁጥሮች አያገለግሉም፤ አንድ ኩቢክ ጫማ ፕሮፔን 2,500 ቢቲዩ ያህል ስለሚሰጥ የራሱ ሠንጠረዥ አለው።

ሥራው ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተው ነው። በብሪታንያም የጋዝ ሥራ እንዲሠራ የሚፈቀድለት በሕግ የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው። የቤቱ ባለቤት ግን የየሰሌዳዎቹን ቁጥር ደምሮ፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይችላል፦ «የቧንቧው ሒሳብ የቤቱን ዕቃዎች ሁሉ ደምሮ ተሠርቷል? ሥራው ሲያበቃስ ዕቃዎቹ ሁሉ በአንድነት እየነደዱ ግፊቱ ይለካል?» ሁለቱንም በቁጥር የሚመልስ ባለሙያ ሥራውን የሚያውቅ ነው።