14 ድል ያስመዘገበው ሚኒሶታ ለምን እንግዳ ሆነ? የኤንኤፍኤል ምድቦች ጥንካሬ እንዴት ይለካል?

በአውሮፓውያኑ 2024 የውድድር ዘመን ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ካደረጋቸው 17 መደበኛ ጨዋታዎች 14ቱን አሸንፏል። በጥሎ ማለፉ ግን 10 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው የሎስ አንጀለስ ራምስ እንግዳ ሆኖ ቀረበ። ጨዋታው በሰደድ እሳት ሳቢያ ወደ አሪዞና ቢዛወርም በባለሜዳነት የተመዘገበው ራምስ ነበር፤ 27 ለ 9 ረትቶም ቫይኪንግስን አሰናበተ።

ምክንያቱ የምድብ ጉዳይ ነው። የአሜሪካው ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ 32 ቡድኖቹን በሁለት ኮንፈረንሶችና እያንዳንዳቸው አራት ቡድን በያዙ ስምንት ምድቦች ይከፍላል። ምድቦቹ በአራቱ አቅጣጫዎች ይሰየሙ እንጂ ለካርታ እምብዛም አይገዙም፤ የቴክሳሱ ዳላስ ካውቦይስ የሚጫወተው በምሥራቅ ምድብ ነው። የምድብ አሸናፊዎች የድላቸው ብዛት ምንም ይሁን ምን በየኮንፈረንሳቸው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ደረጃ ይይዛሉ። ቫይኪንግስ በኤንኤፍሲ ሰሜን 15 ጨዋታ ካሸነፈው ዲትሮይት ላየንስ ቀጥሎ ሁለተኛ በመውጣቱ አምስተኛ ሆነ።

ታዲያ አንዱ ምድብ ከሌላው መጠንከሩ በምን ይታወቃል? በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለሚጋጠም ሰንጠረዡ ራሱ መልስ ይሰጣል። በኤንኤፍኤል ግን አንድ ቡድን ከ17 ጨዋታዎቹ ስድስቱን የሚያደርገው ከምድቡ ተፎካካሪዎች ጋር ሲሆን፣ በአንድ የውድድር ዘመን ጨርሶ የማይገናኙ ቡድኖች ብዙ ናቸው።

የድሎችን ድምር ብቻ መመልከትም ያሳስታል። በምድቡ ውስጥ የሚደረጉት 12 ጨዋታዎች ለአንዱ ድል፣ ለሌላው ሽንፈት ናቸው። አቻ ካልተለያዩ በቀር ምድቡ ብርቱም ሆነ ደካማ ውጤቱ 12 ለ 12 ነው። የሚሻለው እነሱን ቀንሶ ከምድቡ ውጭ የተገኘውን ማየት ነው። በዚህ ስሌት የ2024ቱ ኤንኤፍሲ ሰሜን 33 አሸንፎ 11 ተሸንፏል። የ2020ው ኤንኤፍሲ ምሥራቅ በአንጻሩ ከ40 ጨዋታዎች 11 ብቻ ነበር ያሸነፈው፤ ዋሽንግተንም በሰባት ድልና በዘጠኝ ሽንፈት የምድቡ አሸናፊ ተብሏል።

ይህም ስሌት ቢሆን እንከን አያጣውም። እያንዳንዱ ምድብ በየዓመቱ በተራ ከሌሎች ሁለት ምድቦች ጋር ይጣመራል፤ በ2024 ለሰሜኖቹ ከደረሷቸው አንዱ ደካማው ኤኤፍሲ ደቡብ ነበር። ከ16 ጨዋታዎች 14ቱን ረቱ። እነዚህ ቢወጡ 19 ለ 9 ይቀራቸዋል፤ ጠንካራ ነው፣ የመጀመሪያውን ያህል ግን አያስደንቅም። የምድቡ አራተኛ ቺካጎ ቤርስም አምስት ድል ብቻ ነበረው። በዚህ ጸሐፊ ግምት የሚበልጠው አራቱም ቡድኖች ከሽንፈታቸው የበለጠ ድል ይዘው የጨረሱበት የ2023ቱ ኤኤፍሲ ሰሜን ነው፤ እዚያ የሚያርፉበት ሳምንት አልነበረም።

ከደካማ ምድብ የመጣ ሁሉ ግን ደካማ ነው ማለት አይደለም። ሲያትል ሲሆክስ በ2010 የውድድር ዘመን ሰባት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ጥሎ ማለፍ ሲገባ ብዙዎች ቅር ቢሰኙም፣ በሜዳው የወቅቱን ሻምፒዮን ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስን 41 ለ 36 ረትቷል።

በ2025 የጥሎ ማለፍ ደረጃ በድል ብዛት እንዲወሰን ሐሳብ ያቀረበው ራሱ የሥርዓቱ ተጠቃሚ የነበረው ዲትሮይት ላየንስ ነው። በኋላ ግን ሐሳቡን መልሶ አንስቷል።