«አባባ፣ ቁልፉን ይጫኑልኝ»

ደብረ ታቦርን የሚያውቅ ሰው የምሽቱን ብርድ ያውቀዋል። እኔም ከጉና በኩል የሚመጣውን ንፋስ እየተማረርኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። እንዲያም ሆኖ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በወር አንድ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ቤቴ ቁጭ ብዬ አንድ አዛውንት የትምህርት ቤት ጥበቃ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ከጋቢያቸው አስወጥቻለሁ።

ምክንያቱ ኮምፒውተር ነው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት የሚቀመጥበት በሊኑክስ የሚሠራ አሮጌ ሰርቨር አለ፤ ከርቀት የምንከባከበው እኔ ነኝ። ማሻሻያ ስጭንበት ሪስታርት ማድረግ የግድ ነው። ሪስታርት ሳደርገው ደግሞ ስታክ አድርጎ ይቀራል። ያኔ እደውላለሁ፦ «አባባ፣ እባክዎ ቁልፉን ይጫኑልኝ።» እሳቸውም ባትሪያቸውን ይዘው ግቢውን አቋርጠው፣ ደረጃውን ወጥተው ይጫኑልኛል።

ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ያረጠበው ደረጃ አንሸራተታቸውና ጉልበታቸው ተጎዳ። እሳቸው አልነገሩኝም፤ የሰማሁት ከአንድ መምህር ነው። በሳምንቱ ደብረ ታቦር ገባሁ።

ከርነል የሚባለው በፕሮግራሞቹና በዕቃው መካከል ያለው የሲስተሙ እምብርት ነው። የሊኑክስን ከርነል ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ነው። ሪስታርት ሲባል ከርነሉ በመጀመሪያ ዲስኩንም፣ የኔትወርክ ካርዱንም፣ ሌላውንም ዕቃ በየተራ ያስቆማል። ከዚያ ማሽኑን እንደገና ያስነሳል። የእኛው የቱ ላይ እንደሚቀር ከአዲስ አበባ ሆኜ ማየት አልችልም ነበር፤ ኔትወርኩ ቀድሞ ይዘጋላ!

ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብዬ ሪስታርት አደረግሁት። የመጨረሻዋ መስመር «ሪስታርቲንግ ሲስተም» ትላለች። ይህች መስመር የምትወጣው ዕቃዎቹ ሁሉ ከቆሙ በኋላ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የኔትወርክ ካርዱን ድራይቨር የጠረጠርኩት በከንቱ ነበር ማለት ነው። ደግነቱ ዲስኩም ሥራውን ጨርሶ ስለሚዘጋ፣ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር «የልጆቹ ውጤት ጠፋ» እያልኩ መሳቀቄም በከንቱ ነበር።

ችግሩ ማስነሳቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 አይቢኤም ኤቲ የተባለውን ኮምፒውተር ሲሠራ፣ ፕሮሰሰሩን እንደ አዲስ የሚያስነሳውን መስመር ያገናኘው ከኪቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ ጋር ነበር፤ ቺፗ ትርፍ እግር ነበራትና። የሚገርመው፣ ሊኑክስ ዛሬም ከሚያውቃቸው የማስነሻ መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ሌሎችም አሉት፤ አንዱ አልሆን ሲል ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዳንዱ ማሽን ግን ገና በመጀመሪያው ሙከራ ደርቆ ስለሚቀር ቀጣዩ ተራ አይደርሰውም። በከርነሉ ኮድ ውስጥ የየራሳቸው መንገድ የሚያስፈልጋቸው ማሽኖች በሞዴል ስማቸው ተዘርዝረዋል፤ ዴልም አፕልም አሉበት። የእኛው ሽማግሌ የለበትም።

ስለዚህ መንገዶቹን አንድ በአንድ መሞከር ነበረብኝ። በኪቦርዱ፤ ቀረ። በባዮስ፤ ቀረ። መሀል ላይ መብራት ሄደና አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። አባባ ከጎኔ ወንበር ላይ ናቸው፤ እግራቸውን ዘርግተዋል።

«ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እዚሁ ጋፋት አሠርተው መቅደላ ድረስ አስጎትተዋል» አሉኝ። «አንተ ይህችን ሳጥን ማስነሳት አቃተህ?»

መብራት ሲመጣ ማስነሻው መስመር ላይ «ሪቡት» ብዬ፣ የእኩል ምልክት አድርጌ፣ «ፒሲአይ» ብዬ ጻፍኩ። ሪስታርት አልኩት። ስክሪኑ ጨለመ፤ ከዚያ የአምራቹ ምልክት ብቅ አለ። አላመንኩም፤ አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። አሥሩንም ጊዜ ተነሳ። ማስተካከያውን በቋሚነት እንዲቀር አድርጌ ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

መስከረም ላይ አባባ ራሳቸው ደወሉ።

«ልጄ፣ ምነው ጠፋህ? ሳጥኗ ተሸጠች እንዴ?»

«ኧረ አለች፣ አባባ። ትናንት ማታ እንኳ ሪስታርት አድርጌያታለሁ።»

«እኔ ተኝቼ?»